ሃምሳው ሎሚ እንዴት ይከፋፈላል? ከፋርጣ ቀንበር እስከ ሴባስቶፖል ገመድ

‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል። ሎሚው ለሃምሳው ሰው አንዳንድ እንዲደርስ የሚያደርገው ማን ነው? አንዱ አምስት ተሸክሞ ሌላው እጁን እያወናጨፈ ቢሄድስ? ሎሚ ከሆነ ቆጥሮ ማካፈል ይቻላል። የሚከፋፈለው ነገር የማይቆጠር ሲሆን ግን፣ ለምሳሌ በመሬት ውስጥ የሚጎተት ማረሻ ወይም ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ ሲሆን፣ ጥያቄው ከተረት ወጥቶ የምህንድስና ጥያቄ ይሆናል።

እኔ ያደግሁት ደብረ ታቦር ዙሪያ ነው። ከወንዛዬ ፍል ውሃ ተነስቶ እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ድረስ በሚዘልቀው በዚያ አገር፣ ሸክምን ስለማካፈል ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ዛሬም በየማሳው የሚታየው ቀንበር ነው። ሁለተኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ የተጎተተበት ጉዞ ነው። የመጀመሪያውን ስለለመድነው አናየውም። ሁለተኛውን ስለምናደንቀው እንዴት እንደሠራ አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ከአንድ ጥያቄ አንጻር ላያቸው እሞክራለሁ፤ አንድን ሸክም ብዙዎች ሲጎትቱት ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን የሚወስነው ምንድን ነው?

ተኝቶ የሚሠራ ሚዛን

ከከተማ ላልወጣ አንባቢ የእርሻ ዕቃውን ባጭሩ ላስታውስ። ቀንበር በሁለቱ በሬዎች ጫንቃ ላይ፣ ከሻኛቸው ፊት የሚያርፈው አግዳሚ እንጨት ነው። በየበሬው አንገት ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርዱት ዘንጎች ማነቆ ይባላሉ። ከቀንበሩ መሐል ላይ ምራን የሚባል የቆዳ ጠፍር ይታሰራል። ምራኑ ሞፈሩን ይይዛል፤ ሞፈሩ ደግሞ ወደኋላ ሄዶ ከእርፉ፣ ከድግሩና ከማረሻው ጋር ይገናኛል። ዕቃው ሁሉ ተደምሮ አንድ ገበሬ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ማሳው የሚሄድበት ክብደት ነው።

ብዙ ሰው ቀንበር ሁለት በሬዎችን አንድ ላይ የሚያስር እንጨት ብቻ ይመስለዋል። ከዚያ በላይ ነው። ቀንበር ተኝቶ የሚሠራ ሚዛን ነው። የገበያ ሚዛን መሐሉ ላይ ተንጠልጥሎ በሁለቱ ጫፍ ዕቃ ይሰቀልበታል፤ ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ያጋድላል። ቀንበርም እንዲሁ መሐሉ ላይ በምራን ተይዟል። ልዩነቱ፣ በሁለቱ ጫፍ ያለው ወደ ታች የሚስብ ክብደት ሳይሆን ወደ ፊት የሚስብ ጉልበት መሆኑ ነው። ምራኑ ልክ መሐል ላይ ከሆነ፣ ቀንበሩ ሳያጋድል እንዲሄድ ሁለቱ በሬዎች እኩል መሳብ አለባቸው። አንዱ ከለገመ በእሱ በኩል ያለው ጫፍ ወደኋላ ይቀራል፤ ገበሬውም ያየዋል። ጅራፉ ለማን እንደሚጮህ የሚታወቀው በዚህ ነው።

እንግዲህ ቀንበር ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ጭነቱን ያካፍላል፤ ማን ወደኋላ እንደቀረም ይናገራል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ወደ ሴባስቶፖል ስንመጣ እንመለስበታለን።

እኩል መሆን ሁልጊዜ ፍትሕ ነው?

አሁን ትንሽ ስሌት እንሥራ። በልምድ እንደሚታወቀው አንድ የእርሻ በሬ ለሰዓታት ሳይጎዳ ሊጎትት የሚችለው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 30 ኪሎ ያህል ይጎትታል ማለት ነው። ለአጭር ጊዜ ከዚህ በላይ መሳብ ይችላል፤ ሥር ወይም ድንጋይ ሲያጋጥመው ያንን ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ ግን አይዘልቅበትም።

ሁለት በሬዎች አሉ እንበል፤ አንዱ 350 ኪሎ፣ ሌላው 250 ኪሎ። እንደ አቅማቸው የመጀመሪያው 35፣ ሁለተኛው 25 ኪሎ ቀኑን ሙሉ ሊጎትቱ ይችላሉ። ድምሩ 60 ነው። ነገር ግን ምራኑ መሐል ላይ ከታሰረ ቀንበሩ ‹‹እኩል ሳቡ›› ይላቸዋል። ማረሻው 60 ኪሎ ጉልበት ከጠየቀ ለእያንዳንዱ 30 ይደርሳል። ትልቁ በሬ እንደ ልቡ ይሄዳል። ትንሹ ግን ከአቅሙ በላይ አምስት ኪሎ ተጭኖበታል። ጠዋት ላይ አይታወቅም፤ ረፋዱ ላይ ግን ያለከልካል፣ ይቆማል፣ ይተኛል። እሱ ሲተኛ ትልቁም ይቆማል። ትንሹን ሳንጎዳ ማረስ ከፈለግን ደግሞ ከሁለቱም ልናገኝ የምንችለው 25 እና 25፣ በድምሩ 50 ኪሎ ብቻ ነው። የትልቁ በሬ አሥር ኪሎ ጉልበት ጥቅም ላይ ሳይውል ይቀራል።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። ምራኑን ከመሐል ወደ ትልቁ በሬ ማስጠጋት ነው። በሚዛን ሕግ መሠረት ለማሰሪያው የቀረበው ወገን ብዙ ይሸከማል፣ የራቀው ወገን ጥቂት ይሸከማል። በሁለቱ በሬዎች አንገት መካከል ያለው ርቀት 120 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ምራኑ ከትልቁ በሬ 50፣ ከትንሹ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲታሰር ትልቁ 35፣ ትንሹ 25 ኪሎ ይስባሉ። (35 በ50 ሲባዛ 1,750 ነው፤ 25 በ70 ሲባዛም 1,750 ነው።) ከመሐል የተነሳነው አሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች አሥር ሳንቲ ሜትር ያለ ጉዳት የሚገኘው ጉልበት ከ50 ወደ 60 ኪሎ አደገ፤ 20 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ማዳበሪያ አልተገዛም፣ መኖ አልተጨመረም፣ በሬ አልተለወጠም።

እዚህ ላይ እኩልነትና ፍትሐዊነት የሚለያዩበትን ቦታ በጣት ማሳየት ይቻላል። እኩል ያካፈለው ቀንበር ደካማውን ሰበረው፤ እንደ አቅም ያካፈለው ቀንበር ሁለቱንም አሠራቸው።

የሁለት ቤት ቀንበር

‹‹እንዲያ ከሆነ ገበሬው እኩያ በሬዎችን ለምን አይጠምድም?›› የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚችለው ያደርገዋል። ችግሩ ብዙው ገበሬ ያለው አንድ በሬ ብቻ መሆኑ ነው። ባለ አንድ በሬው የሚያደርገውን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ይቀናጃል። ሁለት ባለ አንድ በሬ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ይጠምዱና በተራ ያርሳሉ፤ ዛሬ የእኔን ማሳ፣ ነገ የአንተን። ይህ መቀናጆ ነው። ‹‹መቀናጀት››ና ‹‹ቅንጅት›› የሚሉት ቃላት ከዚሁ ከበሬ ጥምድ የመጡ ናቸው። በ1997 ምርጫ ጊዜ የፖለቲካ ስም ሆኖ የሰማነው ቃል መነሻው ማሳ ላይ ነው።

እንግዲህ ቀንበሩ ላይ ያሉት ሁለት በሬዎች የሁለት ቤት ንብረት ናቸው። በዚህ ጊዜ ምራኑ የት ይታሰር የሚለው ጥያቄ የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ አይሆንም። ወደ ትልቁ በሬ ሲጠጋ የትልቁ በሬ ባለቤት ‹‹የእኔ ብቻ ነው ወይ የሚሠራው?›› ሊል ይችላል። መሐል ላይ ሲሆን ደግሞ የትንሹ በሬ ባለቤት በሬው ሲከሳ እያየ ዝም ማለት አለበት። በገጠር አንድ በሬ መሞት ማለት አንድ ቤት ከባለ በሬነት ወጥቶ መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠት ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ከገዛ መሬቱ የሚያገኘው ምርት ግማሽ ይሆናል። ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ለትልቁ በሬ ባለቤት የምሰጠው መልስ ከላይ ያየነው ስሌት ነው። ትንሹ በሬ ከተሰበረ ትልቁም ብቻውን አያርስም። በሬውም ቢሆን ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ነው የሚስበው፤ ልክ እንደ ጓደኛው። የተበለጠ ከመሰለው ልዩነቱን በመኖ ወይም በአንድ ቀን ጉልበት ማካካስ ይቻላል። ገበሬው እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለመሥራት ከእኛ ከከተሜዎች የተሻለ ልምድ አለው። ደቦና ወንፈል የሚቆመው በዚሁ ዓይነት ሒሳብ ነው።

ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል የተሞከረበት ጊዜም ነበር። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ‹‹ኢልሪ›› የምንለውን የመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ)፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ በሬ የማረስ ሙከራ አካሂዷል። ሞፈሩ እንዲያጥር ተደረገ፤ ከሥሩ መሬት ላይ የሚንሸራተት ድጋፍ ተገጠመለት፤ ለአንድ በሬ የሚሆን ቀንበር ተሠራ፤ ከቀንበሩ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ሁለት ገመዶችም ከበሬው ኋላ በአንዲት አጭር አግዳሚ እንጨት ተያያዙ። ያች አጭር እንጨት በሁለቱ ትከሻ የሚመጣውን ጉልበት እኩል የምታደርግ ትንሽ ሚዛን ነች።

ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ በገበሬው ዘንድ ግን በስፋት አልተለመደም። ምክንያቱን ከላይ ባስቀመጥነው ቁጥር መረዳት ይቻላል። ያለ ጉዳት 30 ኪሎ የሚስብ አንድ በሬ፣ ተረግጦና ደርቆ የከረመ መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታረስ የሚጠይቀውን ጉልበት ለማውጣት ይቸገራል። ገበሬው ደግሞ መቀናጆ የሚባል የራሱ መፍትሔ ነበረው። ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ገበሬውን ከጎረቤቱ ለማላቀቅ ከመድከም፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚጠመድበትን ዕቃ ማሻሻል ይቀላል።

ከሁለት በላይ ሲሆኑ

በእኛ አገር እርሻ ቀንበር ከሁለት አያልፍም። መሬትን የምንለካበት ‹‹ጥማድ›› ራሱ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ማለት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ፈረሶች ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ሆነው ይጠመዱ ነበር። በካሊፎርኒያ የስንዴ ማጨጃ ማሽኖችን ሠላሳና ከዚያ በላይ ፈረስና በቅሎ በአንድነት ይጎትቱ ነበር።

ፈረስ ሻኛ ስለሌለው እንደ በሬ ቀንበር አይሸከምም፤ እንጨቱ ወደ ጉሮሮው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ አንገቱ ሥር፣ ትከሻው ላይ የሚያርፍ የታጨቀ ማቀፊያ ይደረግለታል፤ ወይም ደረቱ ላይ ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ ይታሰርለታል። ከዚያ የሚነሱ ሁለት ገመዶች ከኋላው ካለች አጭር አግዳሚ እንጨት ጋር ይገናኛሉ። የሁለት ፈረሶች አጫጭር እንጨቶች ደግሞ በአንድ ረዘም ያለ እንጨት ሁለት ጫፎች ላይ ይንጠለጠላሉ። ረጅሙ እንጨት መሐሉ ላይ በአንድ ችንካር ከሠረገላው ጋር ይያያዛል። ለዚህ ጽሑፍ ‹‹ማመጣጠኛ›› ልበለው። ከቀንበር የሚለየው ከእንስሳው ጫንቃ ወርዶ ከኋላው መሆኑ ነው እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

ጥበቡ የሚታየው ሦስት ሲሆኑ ነው። ሦስት ፈረሶችን እኩል ለማሠራት፣ ሁለቱን በአንድ ማመጣጠኛ ታያይዛቸዋለህ፤ ያንን ማመጣጠኛ በሌላ ትልቅ እንጨት አንድ ጫፍ ላይ፣ ሦስተኛውን ፈረስ ብቻውን በሌላው ጫፍ ላይ ታስራለህ። የትልቁን እንጨት ችንካር መሐል ላይ ብታደርገው ብቸኛው ፈረስ የሁለቱን ያህል ይጎትታል፤ ግፍ ነው። ስለዚህ ችንካሩ ወደ ጥንዶቹ ይጠጋል፤ ከብቸኛው ፈረስ ሁለት እጅ፣ ከጥንዶቹ አንድ እጅ ርቀት ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ለሦስቱም ሲሶ ሲሶ ይደርሳቸዋል። በዚህ መንገድ እንጨት በእንጨት ላይ እያንጠለጠሉ ሠላሳም ቢሆን ማዳረስ ይቻላል።

ይህ ያረጀ የእርሻ ዕቃ ወሬ ከመሰለህ ወደ መኪናህ ሂድና የዝናብ መጥረጊያውን ተመልከት። በተለመደው ዓይነት መጥረጊያ ላይ አንድ ክንድ መሐሉን ይይዛል፤ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ቅስቶች ይንጠለጠላሉ፤ ከነሱም ሥር ሌሎች አሉ። አንዱ ክንድ የሚጫነው ኃይል ለላስቲኩ ርዝመት ሁሉ እንዲዳረስ የሚያደርገው ይኸው የፈረስ ማመጣጠኛ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ከመብረሩ በፊት ጥንካሬው ሲፈተንም፣ የአንድን ግፊት ኃይል ለብዙ የክንፉ ቦታዎች የሚያከፋፍሉት በዚሁ ዘዴ ነው።

በየከተማችን የምናውቀው የፈረስ ጋሪም የዚሁ ሕግ ተገዢ ነው። እዚያ ፈረሱ አንድ ነው፤ ነገር ግን ጭነቱ በደረቱና በጀርባው መካከል ይካፈላል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ዕቃው ከጎማው ፊት ከተከመረ ጀርባው ላይ ይጫናል፤ ከጎማው ኋላ ከሆነ ደግሞ የሆዱ ማሰሪያ ወደ ላይ ያነሳዋል። ሚዛኑን የጠበቀ ጭነት ከጎማው ዘንግ በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ያለ ነው። በጋሪ ፈረሶች ጀርባና ደረት ላይ የምናየው ቁስል ብዙ ጊዜ የጭነቱ መብዛት ብቻ ሳይሆን የአቀማመጡና የማሰሪያው መጥበብ ውጤት ነው። ቀጭን ገመድ ያንኑ ጉልበት በጥቂት ቆዳ ላይ ያሳርፋል፤ ሰፊ ማሰሪያ ያዳርሰዋል።

ሰባት ቶን በገመድ

አሁን ወደ ጋፋት እንሂድ። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ቦታ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ ያስጣሉባት እዚያ ነው። ከመድፎቹ ትልቁ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን፣ ማለትም 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፎቹን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሱ። የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ሁለቱ ቦታዎች በአየር መስመር ቢለኩ ከ150 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቁም። ይህን በአምስት ወር ተኩል ጉዞ ብናካፍለው ለአንድ ቀን የሚደርሰው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

መድፉን የጎተተው ሰው ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው፣ በገመድ። ለምን በበሬ አልሆነም? ታሪክ ጸሐፊ ስላልሆንኩ የንጉሡን ሐሳብ አውቃለሁ አልልም። ከጉተታ አንጻር ግን ስሌቱን መሥራት ይቻላል። በአሥር ሜትር አንድ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ፣ ሰባት ቶኑን ወደ ላይ ለመሳብ ብቻ 700 ኪሎ ጉልበት ያስፈልጋል። ባልተደለደለ መንገድ ላይ ጎማው የሚያጋጥመው እምቢታ ሌላ 700 ያህል ቢሆን፣ ድምሩ 1,400 ኪሎ ይሆናል። በሬ 30 ኪሎ ከሳበ፣ አንዳች ብክነት ባይኖር እንኳ 47 በሬ፣ ማለትም 24 ጥማድ ይጠይቃል። ጥማዶቹ ፊትና ኋላ ሆነው በአንድ ረጅም መስመር ሲሰለፉ ግን መንገዱ በታጠፈ ቁጥር የፊተኞቹ ወደ ውስጥ፣ ወደ ገደሉ ወይም ወደ ዳገቱ ይስባሉ። በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መጣመም ላይ ይህ ምን እንደሚመስል አንባቢ ያስበው። ሰው ግን በብዙ ገመዶች ጎን ለጎን መሰለፍ ይችላል፤ ትእዛዝ ይሰማል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዞሮ ወደኋላ ይይዛል። ቁልቁለት ከዳገት የባሰ ነው፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያነሰው ይቆማል፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበት ያነሰው ይደፈጠጣል።

ገመድ ግን የቀንበር አንድ ጠባይ ይጎድለዋል። ከላይ ልብ በሉልኝ ያልኩት ይህን ነበር። ቀንበር የለገመውን ያሳያል፤ ገመድ አያሳይም። መቶ ሰው አንድ ገመድ ሲይዝ፣ ማን ከልቡ እንደሳበና ማን እንደያዘ ብቻ መለየት አይቻልም። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክሲሚሊያን ሪንገልማን ይህንን ለካው። እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ በአንድነት የሚሠሩ ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ስምንት ሰዎች አንድ ላይ ሲሆኑ የሚገኘው ጉልበት የስምንቱ የየብቻቸው ድምር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከፊሉ ምክንያት ሁሉም በአንዲት ቅጽበት አለመሳባቸው ነው። ከፊሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ‹‹ሌላው ይስበዋል›› የሚል ስንፍና ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይፈተናል።

ይህን ጉድለት የሚሞላው የአዝማች ድምፅና የመሪ ዓይን ነው። ቴዎድሮስ መንገዱ ሲጠረግ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ይህን ብዙ ጊዜ የንጉሡ ትሕትና ወይም እልህ ምልክት አድርገን እናነበዋለን። እኔ ሌላም ነገር አይበታለሁ፤ ገመዱ የማይናገረውን ለማየት ሰውየው እዚያው መገኘት ነበረባቸው።

በዚያው ወራት ከዙላ የተነሳው የጄኔራል ናፒየር ጦር ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። ከባድ መድፎቹን ከህንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ላይ ጫነ፤ የተራራ መድፎቹን ደግሞ ፈታትቶ በበቅሎ ላይ አካፈለ። አንድ የማይከፈል ሸክም ለብዙዎች ከማዳረስ ይልቅ ሸክሙን ራሱን ከፋፈለው። በጉተታ ሳይንስ ከዚህ የተሻለ ማመጣጠኛ የለም፤ የተፈታ ዕቃ ሎሚ ሆነ ማለት ነው፣ ይቆጠራል። የሴባስቶፖል ጠላት ክብደቱ ብቻ አልነበረም፤ ወጥ መሆኑም ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝ መድፉ በውጤቱ ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ይታያል።

እና ምን ይደረግ?

በደቡብ ጎንደር ደጋ ትራክተር ሁሉን ይፈታል ለሚሉ ወገኖች ያለኝ መልስ አጭር ነው። የፋርጣንና የጋይንትን ተዳፋት፣ በድንጋይ እርከን የተከፋፈለውን ቁራሽ ማሳ የተመለከተ ሰው፣ በሬ ከዚያ አገር በቅርብ እንደማይወጣ ያውቃል። ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ብዙ ተነግሯል፤ ማረሻውን ለማሻሻልም የአገራችን መሐንዲሶች ደክመዋል። ቀንበሩን ግን ብዙ ሰው አልጠየቀውም።

እኔ የማቀርበው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። አንደኛ፣ ቀንበር ሲጠረብ መሐሉ ላይ ምራን የሚይዙ ቦታዎች አንድ ብቻ ሳይሆኑ አምስት ይሁኑ፤ አንዱ መሐል፣ ሁለት ሁለቱ ወደ ግራና ቀኝ በአምስት በአምስት ሳንቲ ሜትር ርቀት። ምራኑ እንዳይንሸራተት ጥልቀት የሌለው ቅርጽ ይበቃል፤ እንጨቱን እስኪያደክመው መቦርቦር አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ የግብርና ባለሙያዎች የበሬን ክብደት ያለ ሚዛን፣ ደረቱን በሜትር ለክቶ መገመት እንደሚቻል ያውቃሉ፤ ይህንኑ ለሚቀናጁ ገበሬዎች ቢያሳዩ ምራኑ የት ይታሰር የሚለው ክርክር ከግምት ወጥቶ በቁጥር ይዳኛል። ሦስተኛ፣ የቀንበሩ ጫንቃ ላይ የሚያርፈው ክፍል ሰፋና ለስለስ ያለ ይሁን፤ የጋሪ ፈረስ ደረት ማሰሪያም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ በማሳ ላይ መለካትና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የእኔ ስሌት የወረቀት ስሌት ነው፤ በሬ ደግሞ ወረቀት አይደለም፤ ጠባይ አለው፣ ይላመዳል፣ ይጣላል። መለኪያው ውድ አይደለም፤ በሞፈሩና በቀንበሩ መካከል የሚገባ የጉልበት መለኪያ ሚዛንና አንድ የእርሻ ወቅት ይበቃል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም ጠርቶታል፤ ደግ አድርጓል። የጋፋት ስም ከመድፍ ጋር ብቻ ታስሮ እንዳይቀር፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከግቢው ወጥቶ ፋርጣ ማሳ ላይ የሁለት ቤት በሬዎች የተጠመዱበትን አንድ ቀንበር ቢለካ፣ ትንሹ በሬ ያለው ገበሬ ውጤቱን ለመስማት የመጀመሪያው ሰው ይሆናል።